ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት መብራቱን ዝቅ አድርጉት፦ የፕሬስ ዕቃና ፎርማ ስትመረምሩ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከመርካቶ እስከ ተክለሃይማኖት ላሜራ በፕሬስ የሚቆርጡና የሚያጥፉ ወርክሾፖች አሉ፤ ፕሬሱ ላይ ተገጥሞ ብረቱን የሚቆርጠውና ቅርጽ የሚያስይዘው መሣሪያ ፎርማ ይባላል። ማጠፊያ፣ ቅንፍ፣ የድስት ክዳን፣ የመኪና መለዋወጫ ይወጣል። በነዚህ ቤቶች ምርመራ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን አንስቶ ማየት ነው። በዓይን ማየት ጥሩ ዘዴ ነው። አተያዩ ላይ ግን ሁሌ የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ። የመጀመሪያው በጣም ስለሚያበሳጨኝ ረዘም ይልብኛል።

ከጣሪያ በተንጠለጠለ አምፖል መመርመር

ከላይ የሚወርድ ብርሃን ጭረቱንም፣ ስንጥቁንም፣ ደህናውንም ብረት እኩል ያበራዋል። ጥላ የለም። ጥላ ከሌለ ጉድለት አይታይም። ይህን ስናገር ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ግን እዚያው አምፖል ሥር ቆመው አገኛቸዋለሁ።

መፍትሔው ብር አያስወጣም። የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ያዙ። ላሜራው ላይ ሊተኛ እስኪደርስ ዝቅ አድርጉት። ብርሃኑ ብረቱን እየታከከ ሲያልፍ ትንሿ ጭረት እንኳ ጥላ ትጥላለች። ከዚያ ዕቃውን ሩብ ዙር አዙራችሁ እንደገና እዩ። ሁሉም ሰው የሚዘላት ይህችን ነው። ብርሃኑ ከስንጥቁ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከሄደ ስንጥቁ ይደበቃል። አቋርጦት ሲያልፍ ይወጣል።

አንድ ቤት የታጠፈ ቅንፍ ከደንበኛ ተመለሰበት። እጥፋቱ ላይ እየተሰነጠቀ ነው። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ እያንዳንዱን አይተው ነው የላኩት። ባለቤቱ ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኝ ማጉያ ካሜራ ገዛ። በዚያም አልታየም። «ጋሼ፣ የተሻለ ካሜራ ሳያስፈልገን አይቀርም» አለኝ አንደኛው። የጣሪያውን መብራት አጥፍተን ባትሪ ከጎን ያዝን። በእጥፋቱ ውጨኛ ገጽ ላይ ፀጉር የሚያክሉ ስንጥቆች ተደርድረዋል። ላሜራው የታጠፈው ፋብሪካ ውስጥ ከተዳመጠበት አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆኖ ነበር፤ እንዲህ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰነጠቃል። አቆራረጡን አዞሩት፣ ስንጥቁም ቀረ። ያ ሁሉ የካሜራ ብር ግን ወጥቷል።

ለሚያብረቀርቅ ድስትና ክዳን ባዶ ባትሪ ዓይን ይወጋል። እዚያ ብርሃኑን በነጭ ጨርቅ ወይም በስስ ወረቀት አሳልፉት። ስርጉድ ለመፈለግ ነጭ ካርቶን ላይ ቀጥ ያሉ ጥቁር መስመሮች አስምሩና ነጸብራቃቸውን ብረቱ ላይ ተከተሉ። መስመሩ ድንገት የሚጣመምበት ቦታ ላይ ስርጉድ አለ። ሶማሌ ተራ ያለ ጎበዝ የባትላሜራ ባለሙያ የመኪና በር ጎንበስ ብሎ ሲያይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሳይጠርጉ ማየት

ዘይት ስንጥቅ ይሞላል፣ አቧራ ስንጥቅ ይመስላል። ጥረጉት።

የተቆረጠውን ጠርዝ ሞርዶ መላክ

ጠርዙ ላይ የሚቀረውን ስለታም ትርፍ በሞረድ ከማንሳታችሁ በፊት አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር እዩት። ፎርማው እንዴት እንዳለ እዚያ ተጽፏል። ትርፉ ተቆርጦ በወደቀው ቁራጭ ላይ ከበዛ ወንዴው፣ ማለትም ከላይ ወርዶ የሚቆርጠው የፎርማው ክፍል፣ ዶልዱሟል። በቀዳዳው ዙሪያ ከበዛ ችግሩ ወንዴው በሚገባበት የሥር ክፍል፣ በሴቴው ላይ ነው። ጤነኛ ጠርዝ አንድ የሚያብረቀርቅ ቀበቶ አለው፣ ከሱ ቀጥሎ ሻካራው ይመጣል። የሚያብረቀርቀው ሁለት ቦታ ከታየ በወንዴውና በሴቴው መካከል ያለው ክፍተት ጠቧል። ለተራ ብረት ክፍተቱ ብዙ ጊዜ በየጎኑ ከላሜራው ውፍረት ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ላሜራው 2 ሚሊሜትር ከሆነ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ማለት ነው።

ጀማሪዎች ይህን ጠርዝ ማንበብ ሲጀምሩ ደስ ይለኛል። አንዴ ከገባቸው ማንም ሳይነግራቸው ፎርማ ከመሰበሩ በፊት ያስቆማሉ።

ዕቃውን አይቶ ፎርማውን መተው

ጭረቱ በሁሉም ዕቃ ላይ አንድ ቦታ ከሆነ ፎርማውን ክፈቱ። ብዙውን ጊዜ ሴቴው ክብ ጠርዝ ላይ የተጣበቀ ብረት ታገኛላችሁ። ጭረቱ ቦታ እየቀያየረ ከመጣ ግን ፎርማውን አትንኩ። አደራረባችሁን ወይም አያያዛችሁን እዩ።

በስልክ ፎቶ መለካት

ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ፣ ዕቃውን አጠገቡ አድርገው ያነሳሉ። ከዚያ ፎቶው ላይ ይለካሉ። የዕቃው የላይኛው ጠርዝ ከማስመሪያው በ3 ሚሊሜትር ወደ ስልኩ ከቀረበ፣ ስልኩም በ30 ሳንቲሜትር ላይ ካለ፣ ልኬቱ በ1 በመቶ ይሳሳታል። 100 ሚሊሜትር የሆነው 101 ይነበባል። ማስመሪያው ከሚለካው ጠርዝ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን። ስልኩንም አርቃችሁ አጉሉ። ለመጨረሻው ውሳኔ ግን ካሊፐር አለላችሁ።

ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ከተጋደሙ ብረቱን አትውቀሱ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ፤ ካሜራው ያንን ይይዛል። በባትሪ መብራት አንሱ።

በሞርሳ አስሮ ማዕዘን መለካት

የታጠፈ ብረት ሲለቀቅ ትንሽ ይመለሳል፤ አሉሚኒየም ብዙ ጊዜ ከተራ ብረት ይበልጣል። ፈታችሁ ለኩ።

የተጠረጠረ ስንጥቅን በግራይንደር ማጽዳት

ግራይንደር ላዩን አልሶ የስንጥቁን አፍ ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ የሚያጋልጠውን ቀይ ቀለም ብትቀቡት አይገባም፣ ቀለሙን መልሶ የሚስበው ነጭ ዱቄት ላይም ምንም አይወጣም፤ ፎርማው ደህና ነው ብላችሁ ትመልሱታላችሁ። ፕሬስ ሥር የተሰነጠቀ ፎርማ ሲፈነዳ አጠገቡ የሚቆመው የሰው ልጅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በማሟሟቻ አጽዱ፣ ቀለሙን ቀቡ፣ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቁ፣ ትርፉን ቀለም ጥረጉ፣ ዱቄቱን ንፉበት። መሞረድ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የመጨረሻውን ዕቃ መሸጥ

ሥራው ሲያልቅ በመጨረሻ የወጣውን አንድ ዕቃ ሳትሞርዱ ከፎርማው ጋር እሰሩት። ቀኑንና የላሜራውን ውፍረት ጻፉበት። ፎርማው በሚቀጥለው ትዕዛዝ ሲወጣ መሳል አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን የምትወስኑት ያንን ጠርዝ አይታችሁ ነው።