የአዲስ ቤት መስኮት ሲያፈስ፣ ሲጣበቅ፣ ሲሰነጠቅ፦ ምክንያቱና መፍትሄው

ጎጃም ውስጥ የአዲስ ቤት መስኮት የሚፈተነው በሐምሌ ነው። ባሕር ዳር በዓመት ከምታገኘው ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ደጋው ላይ ደግሞ ነፋስ የቀላቀለው ዝናብ ግድግዳውን ከጎን ይመታዋል። በበጋ እንከን የለሽ የመሰለ መስኮት ጉዱ የሚወጣው ያኔ ነው። ችግሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከመስኮቱ ሳይሆን መስኮቱ ከገባበት ክፍተትና ከአገጣጠሙ ስለሚመጣ፣ ሲልከን ከመግዛትዎ በፊት ምንጩን ይፈልጉ።

ውሃ ከታች በኩል ወደ ክፍሉ ይገባል

ምንጩን በውሃ ይለዩ። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከውጭ፣ ሌላው ከውስጥ ባትሪ ይዞ። የውሃ ጎማ ከሌለ ክዳኑ የተበሳሳ ሃይላንድ ይበቃል። ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይውጡ፦ በመጀመሪያ ደፉን (ከመስኮቱ ሥር ያለውን የተለሰነ እርከን) ብቻ ለ10 ደቂቃ ያርጥቡ፤ ቀጥሎ ፍሬሙና ልስኑ የሚገናኙበትን ጎን፣ ከዚያ የመስታወቱን ዙሪያ፣ በመጨረሻ የላይኛውን ጠርዝ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም እያራሰ ስለሚወርድ በየት እንደገባ መለየት አይቻልም።

ደፉ ሲረጥብ ከገባ ውሃ ልክ ያስቀምጡበት። ወደ ውጭ ማዘንበል ሲገባው ጠፍጣፋ ሆኖ ወይም ወደ ውስጥ አዘንብሎ ያገኙታል። ልኩ ለ15 ሳንቲ ሜትር ስፋት 1.5 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ነው። ይህ በሲልከን አይድንም። የደፉን ልስን ነቅለው፣ ብሎኬቱን ጠርገውና አርጥበው፣ በ1 ሲሚንቶ ለ3 አሸዋ እንደገና ያስለስኑት፤ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ደፉ ከግድግዳው ልስን ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ፤ ከሥሩም ከጠርዙ 2 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ይውጣለት። ቦዩ ከሌለ ውሃው በደፉ ሆድ ተለጥፎ ወደ ግድግዳው ይመለሳል፤ ከመስኮት ሥር ቀለም የሚላላጠው በአብዛኛው በዚህ ነው።

መስኮቱ ተንሸራታች አሉሚኒየም ከሆነ ሐዲዱ ላይ አንድ ኩባያ ውሃ ያፍስሱ። ወደ ውጭ ካልወጣ ማፍሰሻ ቀዳዳው በወርክሾፕ ተረስቷል፣ አለዚያም ለሳኙ በሲሚንቶ ደፍኖታል። የተደፈነውን በሽቦ ይክፈቱ። ከነጭራሹ ከሌለ በ8 ሚሊ ሜትር መብሻ ከእያንዳንዱ ማዕዘን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርቀው አንድ አንድ ይብሱ፤ መስኮቱ ከ1.5 ሜትር ከሰፋ መሃል ላይ ሦስተኛ ይጨምሩ። የሚበሳው የሐዲዱ የውጭ ግድግዳ ነው። ወለሉን ከበሱት ውሃው ቀጥታ ብሎኬቱ ውስጥ ይገባል፤ ይህን ስህተት ሠርቶ ቤቱን ከበፊቱ ያባሰ ባለሙያ ብዙ ነው።

ውሃው በፍሬሙ ጎን ከገባ፣ በፍሬሙና በልስኑ መሃል ያለውን ይዩ። አሉሚኒየም በሙቀት ይረዝማል፤ 2 ሜትር የሆነው ፍሬም የሙቀት ልዩነቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 1.8 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል። በሲሚንቶ ከተጠረቀመ መላወሻ ስለሚያጣ ልስኑን ይሰነጥቀዋል፤ እርጥብ ሲሚንቶ በራሱም አሉሚኒየምን ይበላል። የተጠረቀመውን ፈልፍለው በየጎኑ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያውጡ፤ አቧራውን በብሩሽ ያጽዱ፤ ከውስጥ ስፖንጅ ጠቅጥቀው ሲልከን ይሙሉ። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲልከን ለመስታወት ጥሩ ሲሆን ሲሚንቶ ላይ ግን ይላቀቃል፤ ለዚህ ሥራ የማይሸተውን ይግዙ። ግድግዳው እርጥብ ሳለ ምንም ዓይነት ሲልከን አይዝም፤ ስለዚህ በነሐሴ አይድከሙ።

መዝጊያው ይጣበቃል ወይም አይገጥምም

የፍሬሙን ሁለት ሰያፍ (ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን) በሜትር ይለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ፍሬሙ ማዕዘን አልጠበቀም። የብረት መስኮት ሲበየድ አንድ ጎን ተሟልቶ ከተበየደ በኋላ ሌላው ከተጀመረ ብረቱ ይጎተታል፤ አራቱም ማዕዘን በነጥብ ተይዞ፣ ሰያፉ ተለክቶ፣ ከዚያ ነው መሞላት ያለበት። ሰያፉ እኩል ሆኖ ከተጣበቀ ቱንቢ ይጣሉ፤ ፍሬሙ ወደ አንድ ወገን ጋድሎ ሊሆን ይችላል። መፍትሄው ፍሬሙን ከግድግዳው ጋር የያዙትን ማሰሪያዎች ፈትቶ እንደገና ማቆም ነው። ማሰሪያ ከማዕዘን 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ይጀምር፤ በየ60 ሳንቲ ሜትሩም ይደገም።

የላይኛው መሃል ወደ ታች ከጎበጠ ግን ነገሩ ከባድ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥረው ያዩታል። አርክትራቭ (ከመስኮቱ በላይ ያለውን ግድግዳ የሚሸከም አግዳሚ) አልተሠራም፣ ወይም ጫፉ ግድግዳው ላይ በበቂ አላረፈም፤ ብሎኬቱን የተሸከመው መስኮቱ ነው ማለት ነው። ከክፍተቱ ማዕዘን ሰያፍ ስንጥቅ ሽቅብ ከሄደ ጥርጣሬው ይጠናከራል። መዝጊያውን በግራይንደር አያስበሉት፤ ከላይ ያለውን ደግፈው አርክትራቩን በየጎኑ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር አሳርፈው ያስሠሩ።

ተንሸራታች መስኮት ብቻ ከከበደ ሐዲዱን ከአሸዋና ከሲሚንቶ ፍርፋሪ ያጽዱ፤ በመዝጊያው ታችኛ ጫፍ ባለው ብሎን የጎማዎቹን ከፍታ ያስተካክሉ።

መስታወቱ ማንም ሳይነካው ይሰነጠቃል

ስንጥቁ ከጠርዝ ካለ አንድ ነጥብ ከተነሳ፣ እዚያ ነጥብ ላይ የብየዳ ጉብታ ወይም ብሎን እየነካው ሊሆን ይችላል። ጉብታውን ያስበሉ። መስታወቱ ሲቆረጥ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ይነስ፤ ከታች በስፋቱ ሩብ ሩብ ላይ ሁለት ቁራጭ ጎማ ይቀመጥለት። መስታወቱ ያለ ጎማ በቀጥታ ብረት ላይ ካረፈ፣ በሩ በተጋጨ ቁጥር አደጋ አለ። 1 ሜትር በ1 ሜትር ለሚሆን የመስኮት ክፍል 4 ሚሊ ሜትር መስታወት አይግዙ፤ 6 ይሁን።

ብረቱ በአንድ ክረምት ዝገት አወጣ

ብየዳው ላይ ያለው ቅርፊት ሳይጸዳ ተቀብቷል፣ ወይም ወደ ግድግዳው የዞረው ጎን ጭራሽ አልተቀባም። እስከ ነጭ ብረቱ ፍቀው አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ሁለት ጊዜ ይቀቡ። ከታች ባለው ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት በሆነው የፍሬም ብረት) ሆድ በኩል 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ፤ የታቆረው ውሃ ይፈሳል።

የእንጨት መስኮት

በጭቃ ቤት መስኮቱ ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ከተሠራ ሲደርቅ መጠማዘዙ አይቀርም፤ ጭቃውም ሲደርቅ ከፍሬሙ ይሸሻል። የተጠማዘዘውን መዝጊያ በመላግ ለማቃናት መሞከር እንጨት ማባከን ነው። በደረቀ ዋንዛ ያስለውጡት፤ ክፍተቱን ደግሞ ጭቃው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ጭድ በበዛበት ጭቃ ይሙሉት፤ ሲደርቅ በድጋሚ ይሙሉት።

ገና ላላስገጠመ ሰው፦ የአሉሚኒየም መስኮት ልኬት ከልስን በኋላ ይወሰድ። ስፋቱን ሦስት ቦታ፣ ቁመቱንም ሦስት ቦታ ለክተው ትንሹን ይያዙ፤ ከእሱ 1 ሳንቲ ሜትር ቀንሰው ለወርክሾፑ ይስጡ። የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊትም የኩባያውንና የሃይላንዱን ሙከራ ሠራተኛው ባለበት ያድርጉት።