«ቲቸር፣ ሆዴን አመመኝ»

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በቀን ቢያንስ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ሆዴን አመመኝ» ይለኛል። ማስተማር ስጀምር «ቁጭ በል፣ ይተውሃል» ብዬ ወደ ሰሌዳው እዞር ነበር። አሁን ቾኩን አስቀምጣለሁ። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ሥራ ለጀመራችሁ መምህራን ነው። ለወላጅም ይሆናል።

ሆድ ለእኛ የምግብ ማደሪያ ብቻ አይደለም። የከፋው ሰው ሆድ ይብሰዋል፣ ያዘነ ሆዱ ይባባል። የሰባት ዓመት ልጅ «ጨንቆኛል» ማለት ገና አይችልበትም፤ የሚችለው «ሆዴን» ማለት ነው። ሕመሙ ደግሞ እውነት ነው፤ ጭንቀት ሆድን ያማል። ስለዚህ «አታስመስል» አትበሉት፣ በጭራሽ።

መጀመሪያ አደገኛውን ለዩ። ልጁን ጓደኞቹ ፊት አትጠይቁት። ወደ በሩ ይዛችሁት ሂዱና ቁጢጥ ብላችሁ «የት ጋ ነው? በአንድ ጣትህ አሳየኝ» በሉት። እምብርቱ አካባቢ ጀምሮ ወደ ታች ወደ ቀኝ የሄደ ሕመም፣ ትኩሳት፣ አልቆም ያለ ትውከት፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ ካለ ወይም ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው ለወላጅ ደውሉ፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ከቦርሳችሁ ኪኒን አውጥታችሁ አትስጡ።

ቀጥሎ ረሃብን ጠርጥሩ። ከ2012 ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ አለ። ነገር ግን የእኛ ሰፈር የታክሲ ሰልፍ ይታወቃል፤ አርፍዶ የደረሰ ልጅ ቁርሱ ያመልጠዋል። «ቁርስ በልተሃል?» ካላችሁት አፍሮ «አዎ» ይላል። «ዛሬ ምን በላህ?» በሉት። መልሱን ለማግኘት ጣራ ጣራ ካየ ገብቷችኋል። እኔ ከመጋቢ እናቶቹ ጋር ተነጋግሬ ላረፈዱት ድርሻቸው ተከድኖ ይቀመጣል። ሆዱ የሚነፋ፣ ከሲታ ልጅ ደግሞ የአንጀት ትላትል ሊኖርበት ስለሚችል ወላጁ ያስመርምረው።

አሁን ብዙ መምህር ወደሚዘለው ልምጣ፤ ወደ ሽንት ቤቱ። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ ትጎብጥ ነበር። ግራ እጇን ከሹራቧ ሥር አስገብታ ሆዷን ትይዛለች፣ በቀኟ ትጽፋለች። ደብተሩን የሚይዝላት እጅ ስለሌለ ፊደሎቿ ከመስመር ይወርዳሉ። ውሃ ስሰጣት ከንፈሯን ብቻ አርጥባ መለሰችልኝ። «ለምን አትጠጪም?» አልኳት። «ሽንቴ ይመጣል።» በሩ መቀርቀሪያ የለውም፣ ትልልቅ ልጆች እየገፉ ይስቃሉ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እስክትወጣ ድረስ ትይዘው ነበር። ሽንት አዘውትሮ መያዝ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ ሰገራ መያዝ ያደርቃል። ይህ ሁሉ ዓይኔ ሥር ነበር።

ለጊዜው ሴቶቹን ሁለት ሁለት አድርጌ መላክ ጀመርኩ፤ አንዷ ትገባለች፣ አንዷ በር ትይዛለች። ከዚያ ጉዳዩን የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ አነሳሁት። በያጅ የሆነ አንድ አባት ቅዳሜ መጥቶ አራቱንም በሮች መቀርቀሪያ ሠራላቸው። እባካችሁ፣ የመምህራኑን ሳይሆን የተማሪዎቹን ሽንት ቤት ገብታችሁ እዩ። በሩን ከውስጥ ዝጉት። ውሃና ሳሙና ፈልጉ። በትምህርት ሰዓት ልውጣ ያለን ልጅም አትከልክሉ።

ይህ ሁሉ ታይቶ ሕመሙ እየተመላለሰ ከሆነ ትንሽ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የየትኛው ትምህርት ክፍለ ጊዜ እንደሆነ ጻፉ። ሰፈራቸው ፈርሶ ከመሀል ከተማ የመጣ አንድ ልጅ ነበረኝ። ሦስት ሳምንት ስጽፍ ሕመሙ የሚመጣው እረፍት ሊደወል ሲል መሆኑን አየሁ። ትምህርቱ አልነበረም የሚያስፈራው። ሜዳ ላይ ብቻውን መቆሙ ነበር። «እዚያ ሰፈር ምን ትጫወቱ ነበር?» አልኩት። ብይ። ለሁለት ረጋ ያሉ ልጆች ሕጉን እንዲያሳያቸው ጠየቅኩት። «ሂድና ተጫወት» ብዬ ብለቀው አይሆንለትም ነበር፤ ከሰው ጋር የሚያገናኘው ነገር ያስፈልገው ነበር። ወር ገደማ ፈጀ።

ደብተሩ ላይ ሕመሙ በአንድ መምህር ክፍለ ጊዜ ብቻ ከተደጋገመስ? ኩርኩም ወይም ስድብ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። መጀመሪያ ባልደረባችሁን ለብቻው አናግሩት፤ ካልተወ ለርዕሰ መምህሩ ንገሩ።

ልጁ አንድ ሰው ገላውን እንደሚነካካው ከነገራችሁ ደግሞ አትደንግጡበት፣ ደጋግማችሁም አትመርምሩት። «ስለነገርከኝ ጎበዝ ነህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በሉት። ለማንም አልናገርም ብላችሁ ቃል አትግቡ። በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ አሳውቁ። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪም፣ ፖሊስና የሕግ ባለሙያ በአንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል አለ።

ከወላጅ ጋር ስትነጋገሩ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ እያለ አይሁን። እኔ ደብተሬን ይዤ ወደ ጥግ እወስዳቸውና ልጁ ጥሩ ካደረገው ነገር እጀምራለሁ። ከዚያ «ቅዳሜና እሑድስ ሆዱን ያመዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ እናቶች ለመመለስ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ያስባሉ። አልቸኩላቸውም፣ እጠብቃለሁ።