በበግ እግርና በዶሮ ክንፍ የፍጥረታትን ዝምድና እንዴት መመርመር ይቻላል?

ዝግመተ ለውጥ ሲነሳ ብዙ ሰው ሙዚየም ወይም ውጭ አገር ያለ ቤተ ሙከራ ይታየዋል። ወሎ ውስጥ ግን ማስረጃው ማጀት፣ ገደል ላይና ማሳ ውስጥ ይገኛል። ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መልክ ያታልላል፣ አጥንትና ጥርስ ግን ዘር ይናገራሉ።

1. አጥንቱን አዘጋጁ

በዓል ሲደርስ አንድ የበግ የፊት እግር ከነሰኮናው፣ አንድ የዶሮ ክንፍ ደግሞ ጫፉ ሳይቆረጥ ይቀመጥላችሁ። ለመውሊድ ይታረድ ለፋሲካ አጥንቱ ያው ነው። ሥጋው እስኪላቀቅ ቀቅሉ፣ በቢላ ፋቁ፣ የሳሙና ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ፤ ውሻ በማይደርስበት ቦታ። በጉ በጣም ልጅ ባይሆን ይመረጣል፣ የግልገል አጥንት ጫፍ ጫፉ ሲቀቀል ይላቀቃልና።

2. ከክንዳችሁ ጋር አመሳክሩ

ሁለቱን ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ የራሳችሁን ክንድ አጠገባቸው አድርጉ። ከትከሻ እስከ ክርን አንድ አጥንት፣ ከክርን እስከ አንጓ ሁለት፣ ከዚያ ትንንሽ አጥንቶች፣ መጨረሻ ላይ ጣቶች። ቅደም ተከተሉ በሦስቱም አንድ ነው።

የዶሮዋ የመዳፍ አጥንቶች ተጣብቀዋል፤ አውራ ጣቷም ከጎን ትንሽ ጉጥ ሆና ቀርታለች። የበጉ ይበልጥ ያስገርማል። የፊት እግሩ ጉልበት የሚመስለን የእጅ አንጓው ነው። ከዚያ በታች ያለው ረጅም አጥንት መዳፉ ሲሆን የሚረግጠው በሁለት ጣቶቹ ጫፍ ነው፤ ሰኮናው ጥፍሩ ነዋ! የዚህን ረጅም አጥንት የታችኛውን ጫፍ ብታዩ ሁለት ራስ አለው። በጉ በእናቱ ማህፀን ሳለ ሁለት የነበሩት አጥንቶች ተጋጥመው ነው አንድ የሆኑት። አንዱ ይሮጥበታል፣ አንዱ ክንፉን ያራግብበታል፣ አንዱ ማንኪያ ይይዝበታል፤ ንድፉ ግን አንድ ነው። ከጋራ ቅድመ አያት ወርሰውታል ከሚለው የተሻለ ማብራሪያ እኔ አላየሁም።

3. ሠንጠረዥ ሥሩ

በግ፣ ላም፣ አህያ፣ ጥንቸል፣ ሽኮኮ፣ የሌሊት ወፍ፣ ዶሮና እንሽላሊት ወደ ታች ጻፉ። ወደ ጎን ጥያቄዎቹን ደርድሩ፦ የጀርባ አጥንት አለው? ፀጉር አለው? ያጠባል? ላባ አለው? ሰኮናው ተሰንጥቋል? ላይኛው ድዱ የፊት ጥርስ አለው? “ይበራል ወይ?” እና “ተራራ ላይ ይኖራል ወይ?” የሚሉትን አታስገቡ። እነዚህ ሥራና ሰፈር ናቸው፤ ዘር አይቆጠርባቸውም።

ብዙ ባሕርይ የሚጋሩትን በክብ ክበቡ፣ ክቦቹን ደግሞ በሰፊ ክብ። የጀርባ አጥንት ካላቸው ሁሉ ውስጥ አጥቢዎቹ፣ ከአጥቢዎቹ ውስጥ ሰኮናቸው ተሰንጥቆ የሚያመሰኩት በግና ላም ይወጣሉ። ይህ የመጨረሻው ክፍፍል ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም።

የሌሊት ወፍን ከዶሮ ጋር እንዳታስቀምጡ፤ ክንፉ በረዘሙ ጣቶች መሀል የተወጠረ ቆዳ ነው፣ ልጁንም ያጠባል። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ምደባው ከሰውና ከዝንጀሮ ጋር አስቀምጦት ነበር፤ በኋላ የራሱ ክፍለ መደብ ተሰጠው።

ሽኮኮ ከሁሉም ያስቸግራል። ከሩቅ ሲታይ ጥንቸል ነው የሚመስለው። ላይኛው መንጋጋው ላይ ግን ሳያቋርጡ የሚያድጉ ሁለት ሹል ጥርሶች አሉት፤ የብዙዎቹ ጣቶቹ ጥፍርም ጠፍጣፋ ሰኮና መሳይ ነው። የዘረ መል ምርመራ እንዳረጋገጠው በሕይወት ካሉት ሁሉ የቅርብ ዘመዶቹ ዝሆንና ባሕር ውስጥ የሚኖረው ዱጎንግ ናቸው።

4. ጊዜን ጨምሩበት

ከኮምቦልቻ በባቲ ቁልቁል ሲወረድ አፋር ይደረሳል። እዚያ ሀዳር ላይ፣ ቦታው በወሎ ሥር በነበረበት ጊዜ፣ በኅዳር 1974 እ.ኤ.አ. ድንቅነሽ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ከሄዳችሁ ከራስ ቅሏ በፊት ዳሌዋን ተመልከቱ፤ በሁለት እግሯ ቆማ መሄዷ የሚታወቀው ከዳሌዋና ከጉልበቷ ነው።

5. መላመድን በትክክል ጻፉ

አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ጅብራን፣ ቦረና ሳይንት ላይ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ስታገኙ ሦስት ነገር መዝግቡ፦ ባሕርዩን፣ አካባቢውን፣ ጥቅሙን። ቀይ ቀበሮ ብትሉ፦ ረጅም ቀጭን አፍ፣ ውርጫማ ሜዳ፣ አይጥ ማደን።

“ጭላዳ ሣር ለመንጨት ብላ ጣቷን ለወጠች” ብላችሁ ግን አትጻፉ። ማንም እንስሳ ፈልጎ አካሉን አይለውጥም። ከሌሎቹ በተሻለ ሣር የሚነጭ ጣት ይዘው የተወለዱት በልተው አደሩ፣ ብዙ ልጅም ተኩ፤ ጣቱም በትውልድ ብዛት የሁሉም ሆነ።

6. ምርጫን ማሳ ላይ እዩ

የዝግመተ ለውጥን ሐሳብ ያስፋፋው ዳርዊን በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ክርክሩን የጀመረው ሰው ካረባቸው እንስሳትና ካለማቸው ተክሎች ነው፤ እናንተም ከማሽላ ጀምሩ። ቃሉ ወይም ቆቦ ማሽላ ሲደርስ አንድ ገበሬ “አባባ፣ ይሄን ራስ ምን አይተው ነው ለዘር ያስቀሩት?” ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ትልቅ ፍሬ ይላል፣ አንዱ ድርቅ መቻሉን። ወተት በጉንጬን የመሰለ ማሽላ ደግሞ እሸቱ ሲጠበስ ስለሚጣፍጥ ከዘር ወደ ዘር ሲተላለፍ ኖሯል።

ለዘር የቀረውንና ለምግብ የሄደውን ራስ ርዝመትና የፍሬ መጠን ለኩ። በአንድ መኸር ትልቅ ለውጥ አትጠብቁ። ልዩነቱ ከዝናቡ ነው ከዘሩ የሚለውን ለመለየት ሁለቱንም በዚያው ዓመት፣ በአንድ ማሳ፣ ጎን ለጎን መዝራት ያስፈልጋል።