ከኮርኒሱ በላይ፦ የንግድ ሕንፃ ውስጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፒያሳም ሆነ ሜክሲኮ፣ ሱቅ ሲታደስ ብዙ ገንዘብ ከሚወጣባቸው ነገሮች አንዱ ኮርኒስ ነው። ጂፕሰሙ ይሠራል፣ ስፖት ላይት ይደረደራል፣ ያምራል። ከላዩ ያለውን ግን የሚያየው የለም። እሳት የሚደበቀው ደግሞ እዚያ ነው።

የመጀመሪያውና የከፋው ስህተት ግድግዳን ኮርኒሱ ጋ ማቋረጥ ነው። አንድ ሰፊ ወለል ለብዙ ሱቅ ሲከፋፈል ግድግዳው እስከ ሶሌታው (ከላይ እስካለው የኮንክሪት ወለል) ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ከላይ ሁሉም ሱቅ አንድ ክፍል ነው። ሞባይል ቤቱ ውስጥ የተነሳ ጭስ በዚያ ክፍተት አድርጎ አራተኛው ሱቅ ይደርሳል። እዚያ ያለችው ልጅ የምታውቀው ኮርኒሷ ሲጠቁር ነው። ውል ከመፈረምዎ በፊት መሰላል ያስመጡ። የኮርኒሱን መክፈቻ ገልጠው በስልክዎ መብራት ይዩ። እይታዎ ጎረቤት ሱቅ ድረስ ከዘለቀ ግድግዳው አልተዘጋም። አከራዩ እስከ ሶሌታው እንዲያስዘጋው ውሉ ላይ ያስጽፉ። ኬብል የሚያልፍበት ቀዳዳም እሳት በሚቋቋም ማሸጊያ ይደፈን፤ ተራ ፎም ራሱ ይቀጣጠላል።

ሁለተኛው፣ ሽቦ አጣምሮ በናስትሮ ጠቅልሎ ኮርኒስ ላይ መተው። የላላ መገጣጠሚያ ይግላል፣ አጠገቡ አቧራና ካርቶን አለ። መገጣጠሚያ ሁሉ ክዳን ባለው ስካቶላ (የሽቦ መገጣጠሚያ ሳጥን) ውስጥ ይሁን። ብሬከሩ እየደጋገመ ከወረደ ምክንያቱን ያስፈትሹ እንጂ በትልቅ አይቀይሩት።

እድሳት ሲያልቅ ደግሞ ጭስ ጠቋሚውን ይዩ። ቀለም ቀቢው የሸፈነበት ፌስታል እንደተሸፈነ ይቀራል። አንዳንዴ አዲሱ ኮርኒስ ከጠቋሚው በታች ይሠራና ጠቋሚው ከኮርኒሱ በላይ ተደብቆ ይቀራል፤ ያኔ ሱቁ ውስጥ ያለውን ጭስ በጊዜ አይደርስበትም። ቀለም የነካው ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ከላይ ውሃ የሚረጨው) ይቀየራል እንጂ አይጸዳም። ዕቃም ከስፕሪንክለሩ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቆለል። ቆጥ ላይ ካርቶን እስከ ኮርኒስ የሚደረድሩ ይህን ያስቡበት።

ቢጫ የውሃ ምልክት ላይ ቀለም መቀባትም አይበጅም። ከላይ ያለው ሽንት ቤት እያፈሰሰ ከሆነ ውሃው ሽቦ ላይ ነው የሚያርፈው። መጀመሪያ ቧንቧው ይጠገን።

ብየዳ ካለ አካባቢው ይጽዳ፣ ማጥፊያ ይቅረብ። በያጁ ከጨረሰ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሰው ይጠብቅ።

ከኮርኒስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከመጣ ብሬከሩን ያጥፉ፣ ሰው ያስወጡ፣ ወደ አዲስ አበባ እሳት አደጋ 939 ይደውሉ። ኮርኒሱን ራስዎ አይክፈቱ፤ አየር ካገኘ እሳቱ ይብሳል።