አጀንዳና የዕለት ማስታወሻ ስትይዙ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ከሁሉም በላይ ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ፣ ቀጠሮን «2፡00» ብሎ ጽፎ አጀንዳውን መዝጋት ነው። የጠዋት ነው የማታ? በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? ስትጽፉት ግልጽ ነው፤ ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን የሚቀረው ወረቀቱ ላይ ያለው ብቻ ነው። አንዲት ባልደረባዬ ወደ ዱባይ ልትሄድ ትኬቷ ላይ ረቡዕ 02:00 የሚለውን አየችና በረቡዕ ገጽ ላይ «በረራ 2፡00» ብላ ጻፈች። ረቡዕ ጠዋት ሻንጣዋን እየጎተተች ቦሌ ስትደርስ አውሮፕላኑ ከተነሳ ሰዓታት አልፈዋል። ያ ሰዓት በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ለረቡዕ አጥቢያ ነበር። መጻፍ የነበረባት በማክሰኞ ገጽ ነው፦ «ማታ 4 ሰዓት ከቤት መውጣት፤ በረራ ከሌሊቱ 8፣ ለረቡዕ አጥቢያ።» እባካችሁ፣ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት የሚሉትን ቃላት አትቆጥቡ።

ቀንም እንደዚሁ ነው። «5/2» ለእኛ ጥቅምት 5 ነው፤ አሜሪካ ያለች እህታችሁ ግን ሜይ 2 ብላ ታነበዋለች። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ። የፈረንጅ ቀን ብቻ የታተመበት አጀንዳ ከያዛችሁ ደግሞ ጳጉሜንን አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉባት። 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ የ2020 መስከረም 1 የሚውለውም ሴፕቴምበር 12 ነው።

ለመጀመር መስከረምን አትጠብቁ።

የመሥሪያ ቤቱን አጀንዳና የልባችሁን ጉዳይ በአንድ ደብተር አትቀላቅሉ። አጀንዳ ስብሰባ ላይ ይገለጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ያድራል። ሰው ሊያነበው እንደሚችል ያወቀ ጸሐፊ ሳያስበው ለዚያ ሰው መጻፍ ይጀምራል፤ ቂሙን ይደብቃል፣ ፍርሃቱን ያሳምራል። ለሐሳባችሁ ከቤት የማይወጣ ሌላ ደብተር ያዙ፤ ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል።

በዚያ ደብተር ላይ ደግሞ «ዛሬ ሲከፋኝ ዋለ» ብላችሁ አትለፉት። ከዓመት በኋላ ስታነቡት ምኑም አይታወሳችሁም። የሆነውን ጻፉ፦ «ምሳ ላይ ሁሉም ስለ ደመወዝ ጭማሪ ሲያወሩ እኔ ስልኬን እየነካካሁ ዝም አልኩ። ምን ሆንክ ያለኝ የለም።» መከፋቱ ከነምክንያቱ እዚያው አለ። ጀማሪዎች «ምን ብዬ ልጻፍ?» ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ ጥያቄው ለመጻፍ መፈለጋቸውን ያሳያል። መልሴም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ዛሬ ማን ምን አላችሁ? ከእሱ ጀምሩ።

ያመለጣችሁን ቀን ወደኋላ ተመልሳችሁ ለመሙላት አትሞክሩ። የሳምንት ዕዳ ይከመርባችሁና ደብተሩን ማየት ያስጠላችኋል። ባዶውን ተዉትና የዛሬን ጻፉ።

የቀን ዕቅድ ላይ አሥር ነገር የሚደረድር ሰው ምሳ ሳይደርስ ተስፋ ይቆርጣል። ያልተሠራውንም ከገጽ ገጽ ዝም ብላችሁ አታሻግሩ። «መታወቂያ ማሳደስ» ለሳምንታት ሲንከባለል ካያችሁት፣ ብዙ ጊዜ ሰውየው ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ ስለማያውቅ ነው። ሰርዙትና በቦታው «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ወረዳ ሄጄ ምን ይዤ እንደምመጣ መጠየቅ» ብላችሁ ጻፉ።