ከዳይሱ በፊት ቁጥሩን አውጡ

ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስባችሁ ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባህሪ ሆኖ በጋራ ታሪክ የሚፈጥርበት፣ ሙከራው መሳካቱን ዳይስ የሚወስንበት ጨዋታ) የምትጫወቱ ከሆነ ችግሩን ታውቁታላችሁ፤ ጊዜ የለም። ግማሹ ሰው ከመሃል ከተማ ነው የሚመጣው፣ የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም መውጣት አለበት። ስለዚህ ጨዋታውን የሚመራው ሰው በየደቂቃው «እስቲ ወርውር» እያለ ማንዛዛት አይችልም። ማለፊያ ነጥቡ፣ ማለትም ሙከራው እንዲሳካ ውርወራው ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር፣ ስንት ይሁን ከማለታችሁ በፊት፣ መጀመሪያ ውርወራው ያስፈልጋል ወይ በሉ።

ቢሳካም ባይሳካም ታሪኩ የሚቀየር ከሆነ ይወርወር። የተቆለፈ በር አለ እንበል። ገጸ ባህሪዎቹን የሚያባርራቸው የለም፣ መክፈቻው አላቸው፣ ሌሊቱም ረጅም ነው። በቃ ይክፈቱትና እንቀጥል። ጅቦቹ ከኋላ እየመጡ ከሆነ ግን ያው በር ዳይስ ይፈልጋል። የማይሆን ነገርም አለ። ከየረር ተራራ ጫፍ ዘልዬ አቃቂ ወንዝ ላይ ላርፍ የሚል ተጫዋች አይጠፋም፤ «20 ቢወጣልኝስ?» ይላችኋል። 20 ስለወጣ ብቻ የሚሳካው በጥቃት ውርወራ (ጠላትን ለመምታት) ላይ ነው እንጂ እንደ መዝለል ባለ የችሎታ ሙከራ ላይ አይደለም። አታስወርውሩት፣ በኋላ ጭቅጭቅ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በፈረንጆቹ 2014 የወጣው የጨዋታው ደንብ አምስተኛ እትም ደረጃዎቹን እንዲህ ያስቀምጣል፦ በጣም ቀላል 5፣ ቀላል 10፣ መካከለኛ 15፣ ከባድ 20፣ በጣም ከባድ 25፣ የማይቻል ሊባል ትንሽ የቀረው 30። ባለ 20 ገጹ ዳይስ ይወረወራል፣ የገጸ ባህሪው የችሎታ ጭማሪ (በዚያ ነገር ጉብዝናውን የሚያሳየው እንደ +5 ያለ ቁጥር) ይደመራል፣ ድምሩ ነጥቡ ላይ ከደረሰ ተሳካ። እኔ ከስድስቱ በሦስቱ ብቻ ነው የምሠራው፤ 10፣ 15፣ 20። 5ን ምን አስወረወረው? 25 እና 30 ደግሞ ገጸ ባህሪዎቹ እስኪጎለብቱ ቁጭ ይበሉ። 13 ይሁን 14 ብሎ መጨነቅም ትርፉ ድካም ነው፣ አንድ ነጥብ 5 በመቶ ብቻ ነው የሚለውጠው።

ግን 15 «መካከለኛ» ተብሎ ስለተጻፈ ለሁሉም መካከለኛ እንዳይመስላችሁ። ጭማሪ የሌለው ሰው የማለፍ ዕድሉ 30 በመቶ ነው። ጀማሪም ቢሆን በሙያው ጎበዝ የሆነ፣ ማለትም +5 ያለው፣ 55 በመቶ ያልፋል። 20 ስታደርጉት ጎበዙ ወደ 30 ይወርዳል፣ ያኛው 5 በመቶ ብቻ ይቀረዋል። ሁሉንም ነገር 15 የሚያደርግ መሪ ሳያውቀው ጨዋታውን በውድቀት ይሞላዋል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ቁጥሩ የሚወጣው ለነገሩ እንጂ ለሰውየው አይደለም። አቃቂ ወንዝን መሻገር በበጋ 10 ይበቃዋል፣ ነሐሴ ላይ ሞልቶ ድንጋይ ሲያንከባልል 20 ነው። ተዋጊው +5 አለው፣ አስማተኛው −1። ለሁለቱም 20 ነው። አስማተኛው 20 ራሱ ቢወጣለት ድምሩ 19 ነው፣ አይሻገርም፤ እዚህ ላይ አዝናችሁለት ቁጥሩን ዝቅ ካደረጋችሁ ጨዋታውን ገደላችሁት፣ ምክንያቱም ሌላ መላ የሚፈልገው አሁን ነው። ተዋጊው ቀድሞ ተሻግሮ ገመዱን ባህር ዛፍ ላይ ቢያስረውስ? ያኔ መሻገሩ ራሱ ተለወጠ፣ 15 አድርጉት። ወንዙ እንዳለ ሆኖ ሰው ብቻ ከረዳው ግን ቁጥሩን አትንኩ፣ ሁለት ዳይስ ወርውሮ ትልቁን ይውሰድ። 30 በመቶ የነበረ ዕድል በዚህ ብቻ 51 ይሆናል።

ተጫዋቾቹ ሲያድጉ ቁጥሩን አብሮ ማሳደግም ክፉ ልማድ ነው። የመጀመሪያው ቀን 15 የነበረ ግንብ ከብዙ ወራት በኋላም 15 ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ልፋት ለምን ለፉ? ዘለውት ይለፉ፤ ሌላ ግንብ አምጡ።

ቁጥሩን ደግሞ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ ከዳይሱ በፊት። «20 ነው፣ ትሞክራለህ?» ከተወረወረ በኋላ የሚወሰን ነጥብ ይሉኝታ ይገባበታል። ዳይሱ ላይ 14 አይታችሁ፣ ጓደኛችሁ ፊቱን ሲያጠቁር አይታችሁ፣ ከዚያ «ማለፊያው 14 ነበር» ማለት ቀላል ነው፤ ግን ሁሉም ይነቃባችኋል። የተደበቀ ወጥመድ መፈለግ ብቻ ለየት ይላል። እሱን ወረቀት ላይ ቀድማችሁ ጻፉት።

ንግግር ላይ የሚጠየቀውን ነገር ክብደት እዩ። ዘበኛውን ሲመሽ አስገባን ማለት 10፣ ለአንድ ሰዓት ከበሩ ራቅ በል ማለት 20፣ የጌታህን ቁልፍ ስጠን ማለት ያለ በቂ ምክንያት ውርወራም የለው። ለታመመች ልጁ መድኃኒት ይዘውለት ከመጡ ግን 20ው 10 ቢሆን አይቆጨኝም። ተጫዋቹ አፉ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አትቀንሱ፤ ዓይን አፋሩ ተጫዋች ምን በደለ ታዲያ?

በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ከወደቀ፣ በዋጋ ማሳለፍ ትችላላችሁ። ተሻገረ፣ ግን ቦርሳውን ወንዙ ወሰደው።

ባለ 20 ገጽ ዳይስ ከሌላችሁ ስልክ ላይ አውርዱ። መብራት ጠፍቶ ስልኩም ከሞተ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ቆርቆሮ ውስጥ ጨምራችሁ አውጡ፣ የወጣውን መመለስ እንዳትረሱ። የሉዶ ዳይስም ይሠራል። ሁለት ወርውሩና ደምሩ፣ ማለፊያውን በ10፣ 15፣ 20 ፈንታ 7፣ 9፣ 11 አድርጉት። ያለ ጭማሪ 58፣ 28 እና 8 በመቶ ገደማ ይመጣል። እዚህ +1 እንኳን ከባድ ነው፤ 8 የነበረው ማለፊያ 7 ሆነ ማለት 42 በመቶ የነበረው ዕድል ወደ 58 ዘለለ ማለት ነው፣ ስለዚህ ለማንም ከ+3 በላይ አትስጡ።