የአንድ ቀን ጫጩት በደብረ ብርሃን ብርድ፦ የማሞቂያ አዘገጃጀት

የአንድ ቀን ጫጩት ላባ የለውም፤ ያለው ሲረጥብ ገላው ላይ የሚለጠፍ ለስላሳ ጸጉር ብቻ ነው። የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ቢሆንም ያንን ሙቀት በራሱ ጠብቆ ማደር አይችልም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትንሽ ትንሽ ይጀምራል፣ ላባው የሚሞላለት ግን በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ቀኑ ፀሐያማ ሆኖ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። መሐል ሜዳ ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ ለቢሾፍቱ ወይም ለሸዋ ሮቢት የሚሠራው «አንድ አምፖል አንጠልጥሉ» የሚለው ምክር እዚህ አያዋጣም። ደጋ ላይ ጫጩት የሚያልቀው ብዙ ጊዜ አምፖል አንሶ ሳይሆን ሙቀቱ የሚያመልጥበት ቀዳዳ በዝቶ ነው። ሥራው ከመድፈን ይጀምራል።

ከዚህ በታች ያለው ልክ ሁሉ ለ100 ጫጩት ነው።

ክፍሉ

ከተቻለ በጭቃ የተመረገ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ክፍል ምረጡ። ዙሪያውን ቆርቆሮ የሆነ ቤት ማታ ፀሐይዋ እንደገባች ይቀዘቅዛል፣ ሌላ ከሌለ ግን ግድግዳውን ከውስጥ በኩል በካርቶን ወይም በማዳበሪያ ጆንያ አልብሱት። ዋናው ጣሪያው ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ስር የሚሰቀል አምፖል ሌሊቱን ሙሉ የሚያሞቀው ጣሪያውን ነው። ጆንያዎችን ሰፍታችሁ ከወለሉ 2 ሜትር ከፍታ ላይ እንደ ኮርኒስ ወጥሩ። የበሩን ስር አሸዋ በሞላ ጆንያ ዝጉ።

አንድ ቀዳዳ ግን አትድፈኑ። ነፋስ በማይመጣበት በኩል፣ ከግድግዳው አናት ላይ፣ ስፋቱ አንድ ስንዝር ቁመቱም እንዲሁ የሆነ መተንፈሻ ክፍት ይሁን። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ሊሾ ወለል ሙቀት ይመጥጣል። ከጉዝጓዙ በፊት አሮጌ ካርቶን ሁለት ንብር አንጥፉበት፣ ከዚያ 8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ። ጥሩው ጉዝጓዝ እንጨት ሥራ ቤት የሚገኘው የመላጊያ ፍቅፋቂ ነው። ሰጋቱራ አይሆንም፤ ጫጩቱ መኖ መስሎት ይለቅመውና ማንቁርቱን (አንገቱ ስር ያለውን የመኖ ከረጢት) ይሞላዋል፣ አቧራውም ሳንባ ላይ ይቀመጣል። ፍቅፋቂ ካልተገኘ የጤፍ ጭድ፣ ወይም አካባቢው የማያጣው የገብስ ገለባ በጣት ርዝመት ተከትፎ ያገለግላል። ገለባው ደረቅ መሆኑን አሽታችሁ አረጋግጡ። ሻጋታ የሸተተው ጉዝጓዝ ሲሞቅ የሳንባ በሽታ ያመጣል።

ክቡ አጥር

ጫጩት ሲበርደው ማዕዘን ፈልጎ ይከመራል፣ ከታች ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። ለዚህ ነው አጥሩ ክብ የሚሆነው። መሀል ላይ ችካል ትከሉ፣ 1 ሜትር ሲባጎ አስራችሁ ዙሩ፤ 2 ሜትር ወርድ ያለው ክብ ይወጣል። ዙሪያው 6 ሜትር ከ30 ያህል ስለሚሆን 7 ሜትር ካርቶን ወይም ሃርድቦርድ ይበቃል። ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር። ጫፎቹን አደራርባችሁ በልብስ መቆንጠጫ ብቻ ያዟቸው፣ ምክንያቱም ከአራተኛው ቀን ጀምሮ እያሰፋችሁት ትሄዳላችሁ።

ክቡ ከአምፖሉ ስር ካለው ሞቃት ቦታ ሰፋ ማለቱ ሆን ተብሎ ነው። ጫጩቱ ሲሞቀው የሚሸሽበት፣ ሲበርደው የሚመለስበት ቦታ ይኑረው። ቦታው ሁሉ እኩል 35 ዲግሪ የሆነ ክፍል ውስጥ መሸሻ ያጣ ጫጩት ውሃው ያልቅበታል።

አምፖሉ

ባለ 250 ዋት የማሞቂያ አምፖል (ኢንፍራሬድ) ሁለት ያስፈልጋል፣ ቢቻል ቀዩ፤ በቀይ ብርሃን ጫጩቶች እርስ በርስ መነካከስ ይቀንሳሉ። ቆላ ላይ አንዱ ለመቶ ይበቃ ነበር። እዚህ ሁለት የሚሆነው ለብርዱ ብቻ ሳይሆን አንዱ ሌሊት ቢቃጠል ሌላው እስኪነጋ እንዲያቆያቸው ነው። ለዚሁ ሲባል ሁለቱን በተለያየ ገመድና በተለያየ ሶኬት ላይ ሰኩ። ኤልኢዲ አምፖል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም። እንዳይሰበር ተብሎ በቴፍሎን የተቀባ አምፖልም አትግዙ፤ ቅባቱ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ለሰው ባይታወቅም ዶሮን በአንድ ሌሊት ይጨርሳል።

የአምፖል መያዣው የሸክላ ይሁን፣ ፕላስቲኩ ፖርታላምፓ በ250 ዋት ይቀልጣል። ገመዱ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ። አምፖሉን በኤሌክትሪክ ገመዱ አታንጠልጥሉ። በሰንሰለት ስቀሉት፣ ሰንሰለቱንም ከአግዳሚው ጋር በሁለት ቦታ እሰሩት። ወድቆ ጭድ ላይ ያረፈ አምፖል ቤቱን ያቃጥላል፣ ይህ በየዓመቱ የሚደርስ ነገር ነው። ከፊቱ የሽቦ ወንፊት ይኑረው፣ ከጆንያና ከካርቶንም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ። የመጀመሪያው ከፍታ ከጉዝጓዙ 45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። መጠጫው ከአምፖሉ ትክክል ስር አይቀመጥ፤ በጋለው መስታወት ላይ ውሃ ሲፈናጠቅ ይፈነዳል።

ሁለቱ በቀን 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላሉ። ኃይል በሚዳከምበት ምሽት ደግሞ ልብ በሉ፤ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ አምፖሉ እንደበራ ይቆያል፣ ነገር ግን ሩብ ያህል ሙቀቱን ያጣል። ብርሃኑ ፈዘዝ ካለ ሰንሰለቱን በ5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት፣ ኃይሉ ሲመለስ ደግሞ ከፍ ማድረጉን አትርሱ።

ቴርሞሜትሩ

በእጅ መዳሰስ አይበቃም። ሽቦ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ሁለት ግዙ፣ የሌሊቱን ዝቅተኛ ልክ የሚመዘግብ ቢሆን ይመረጣል። ጫፉ ከጉዝጓዙ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በጫጩቱ ጀርባ ልክ ይሁን፦ አንዱ በአምፖሉ ሙቀት ዳርቻ፣ ሌላው አጥሩ ጥግ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር የሚነግራችሁ ስለ ግድግዳው ነው።

ትክክለኛነቱን ለማየት ብዙ ሰው የፈላ ውሃ ውስጥ ይከተዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ያሳስታል፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 91 ዲግሪ ገደማ ነው። ይልቅ በረዶ ደቁሳችሁ በትንሽ ውሃ አድርጉ፣ ጫፉን መሀል ላይ ክተቱ፣ ዜሮን ማንበብ አለበት።

ጫጩቱ ከመድረሱ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በፊት አብሩ። ወለሉ ሊሾ ከሆነ ሁለት ሌሊት። አየሩ በሁለት ሰዓት ይሞቃል፣ ጉዝጓዙና ወለሉ ግን ይዘገያሉ፤ ጫጩቱ ደግሞ የሚቆመው በባዶ እግሩ ወለል ላይ ነው። ጫፉን ጉዝጓዙ ውስጥ ስትከቱ 30 ዲግሪ ካላነበበ ገና ነው።

በአምፖሉ ዳርቻ የሚጠበቀው፦
1ኛ ሳምንት፦ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ
2ኛ ሳምንት፦ ከ30 እስከ 32
3ኛ ሳምንት፦ ከ27 እስከ 29
4ኛ ሳምንት፦ ከ24 እስከ 26
5ኛ ሳምንት፦ ከ21 እስከ 23

ቁጥሩ መነሻ ነው፣ ዳኛው ራሱ ጫጩቱ። በክቡ ውስጥ ተበታትነው እየበሉ፣ አንዳንዱም እንቅልፍ ወስዶት ከሆነ ልኩ ደርሷል። አምፖሉ ስር ተከማችተው ሹል ድምፅ ካሰሙ በርዷቸዋል። አጥሩ ጥግ ተጠግተው አፋቸውን ከፍተው ክንፋቸውን ካዘረጉ ሞቋቸዋል። ሁሉም በአንድ ወገን ከቆሙ ከሌላው ወገን ነፋስ ይገባል፣ ሂዱና ቀዳዳውን ፈልጉ። በደረሱ በሁለተኛው ሰዓት አሥር ያህሉን አንስታችሁ እግራቸውን ጉንጫችሁ ላይ አድርጉ። ቀዝቃዛ እግር ካገኛችሁ ቴርሞሜትሩ ያለውን ይበል፣ ሙቀት ጨምሩ። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ማንቁርታቸውን ዳስሱ፤ ከመቶው ዘጠና አምስቱ ሞልቶ ለስለስ ያለ መሆን አለበት። የበረደው ጫጩት መኖው አጠገቡ ተደፍቶ እያለ አይበላም።

የመጀመሪያው ውሃ ለብ ያለ ይሁን፣ በሊትር ሁለት ሾርባ ማንኪያ ስኳር ይግባበት፣ መኖው ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ይቅረብ።

ሌሊቱ

ቀን 10 ሰዓት ላይ ያስተካከላችሁት አምፖል ለሌሊቱ አይበቃም። ብርዱ የሚጠነክረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ነው፣ ሙት ጫጩትም የሚገኘው ያኔ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች በ10 ሰዓት ተነሱና ንባቡን እዩ። ከዚያ በኋላ ሰንሰለቱ ላይ ሁለት ምልክት እሰሩ፣ የቀንና የሌሊት ከፍታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው ወደ ላይ መመለስ ነው።

መብራት ሲጠፋ

ጀሪካን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። 20 ሊትር የጋለ ውሃ ከ80 ወደ 35 ዲግሪ እስኪወርድ የሚሰጠው ሙቀት አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፣ ማለትም ሁለቱ አምፖሎች በሁለት ሰዓት የሚሰጡት። ክዳኑን አጥብቁ፣ በጆንያ ጠቅልሉት፣ ክቡ መሀል አቁሙት፣ አጥሩን ወደ 1 ሜትር ወርድ አጥብቡና ከላይ ግማሹን በብርድ ልብስ ሸፍኑ። ሙሉውን መሸፈን ማፈን ነው።

ከሰል ብዙ ቤት የሚታመንበት ነው፣ ግን ገዳይነቱም እዚያው ነው። ውጭ አቀጣጥላችሁ ጭሱ ካለቀ በኋላ ብታስገቡትም ራስ የሚመታው ጋዝ አብሮት ይገባል፤ አይታይም፣ አይሸትም። የግድ ከሆነ መተንፈሻው ክፍት ይሁን፣ ምድጃው በጡብ ላይ ከጉዝጓዝ ርቆ ይቀመጥ፣ ሰው በዚያ ክፍል አይተኛ። ኩበት ጨርሶ አይግባ።

መብራት ለሌለው ገጠር የሣር ሳጥን አለ። ለ50 ጫጩት ውስጡ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ትሠሩና ዙሪያውንና ታቹን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ድርቆሽ ጠቅጥቃችሁ መሀሉን እንደ ጎጆ ታጎደጉዳላችሁ። ከላይ ድርቆሽ የተሞላ ጆንያ ይከደናል፣ መተንፈሻ ቀዳዳ ተትቶለት። የሚሞቀው በጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት ስለሆነ አሥር ወይም አሥራ አምስት ብቻ ካስገባችሁ አይሠራም። ቀን ቀን ወደ መኖው ይወጣሉ፣ ማታ ይገባሉ። የረጠበ ድርቆሽ በየቀኑ ይለወጥ።

መተንፈሻው ለምን

በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነው። ብርድ ደግሞ ጫጩቱ የሚፈልገውን ኦክስጅን ይጨምራል። በፍጥነት የሚያድግ የሥጋ ዶሮ ልብ በሁለቱ መሀል ይደክምና ሆዱ ውሃ ይቋጥራል፣ በአራተኛና በአምስተኛ ሳምንት በድንገት ይሞታል። መድኃኒት የለውም፣ መከላከያው ሙቀትና አየር ባንድነት ነው። ክፍሉን ጥርቅም አድርጎ የዘጋ ሰው ሌላም ያገኘዋል፤ ከጉዝጓዙ የሚነሳው አሞኒያ ዓይን ያቃጥላል። ጎንበስ ብላችሁ በጫጩቱ ቁመት አሽትቱ፣ አፍንጫችሁን ከቆነጠጠው ለእነሱ በዝቷል። እርጥቡን ጉዝጓዝ አውጡ፣ መተንፈሻውን አስፉ፣ ሙቀቱን ለማካካስ አምፖሉን ዝቅ አድርጉ።

ፊንጢጣው ላይ ኩስ የደረቀበት ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ በርዶት ወይም ከልክ በላይ ሞቆት ነው። ለብ ባለ ውሃ አራሱና አላቅቁለት፣ አትጎትቱት፣ አድርቃችሁ መልሱት፤ ከዚያ ቴርሞሜትሩን እዩ።

ከአምፖሉ ማላቀቅ በአንድ ቀን አይሆንም። በአራተኛው ሳምንት ቀን ቀን አንዱን አጥፉ፣ ቀጥሎ ሁለቱንም፣ ሌሊቱን እንዳለ ተዉት። በስድስተኛው ሳምንት ጀርባቸውና ደረታቸው ላባ ከሞላ፣ አምፖሉ ጠፍቶም ክፍሉ በንጋት ከ18 ዲግሪ በታች ካልወረደ የሌሊቱንም ማጥፋት ይቻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ከሆነ ግን አንዱ አምፖል ለተጨማሪ ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ይብራ።